ከስሌቱ በፊት አቅጣጫው

አንድ ሊትር በሚይዝ ዝግ ዕቃ ውስጥ 1 ሞል ሃይድሮጅንና 1 ሞል አዮዲን ገብተው ይሞቃሉ። ሁለቱ ተዋህደው ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይሠራሉ፤ እሱም በተራው እየተበታተነ ተመልሶ ሃይድሮጅንና አዮዲን ይሆናል። በዚያ ሙቀት የኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱ፣ ተማሪ ሁሉ «ኬ» እያለ የሚጠራው ቁጥር፣ 64 ነው። ኢኩሊብሪየም ላይ ስንት ሞል ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይገኛል? ሀ) 0.2 ለ) 0.8 ሐ) 1.6 መ) 2.0

ጥያቄውን ያዘጋጀሁት ለማትሪክ ተፈታኞች ነው። ደሴ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭም 12ኛ ክፍሎችን አስጠናለሁ። ሰሌዳው ላይ ገና ጽፌ ሳልጨርስ «ቲቸር፣ ፎርሙላው የትኛው ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እስክሪብቶ አስቀምጡ።

መጀመሪያ ዕቃው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሃይድሮጅንና አዮዲን ብቻ። ምርቱ ገና ዜሮ ስለሆነ ሪአክሽኑ ወደ ቀኝ ከመሄድ ሌላ መንገድ የለውም። እስከ የት ድረስ ይሄዳል? ከአንድ ሃይድሮጅንና ከአንድ አዮዲን ሁለት ሃይድሮጅን አዮዳይድ ስለሚወጣ ጣሪያው 2 ሞል ነው። ጣሪያው ከተነካ ግን ሃይድሮጅኑም አዮዲኑም ጨርሰው አልቀዋል ማለት ነው፤ ኢኩሊብሪየም ላይ ደግሞ ጨርሶ የሚያልቅ የለም። «መ» ተሰረዘ። አሁን ኬን እንየው። 64 ከ1 በብዙ ይበልጣልና ምርቱ ከቀሩት ጋዞች በግልጽ መብዛት አለበት። 0.2 ሞል ብቻ ቢመረት 0.9 ሃይድሮጅን ሳይነካ ይቀራል፤ ይህ የማይሆን ነው። 0.8 ቢመረት የሚቀረው 0.6 ነው፤ ኬ በሚሰላበት መንገድ 0.8ን ለ0.6 አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ ብታባዙት 2 እንኳን አይሞላም፣ ከ64 ጋር ጭራሽ አይተዋወቅም። የቀረው «ሐ» ነው። እስክሪብቶው እስካሁን አልተነሳም።

የተሳሳቱት ምርጫዎችም ከሜዳ የተለቀሙ አይደሉም። 0.8 የተቀየረውን ሃይድሮጅን፣ ማለትም ኤክስን፣ አግኝቶ በሁለት ማባዛቱን ለሚረሳ ተማሪ የተቀመጠ ወጥመድ ነው። 0.2 የተጠየቀውን ትቶ የተረፈውን ሃይድሮጅን ለሚያሰላው ነው። 2.0 ደግሞ ሪአክሽን ሁሉ እስከ መጨረሻው ይሄዳል ብሎ ለሚያምነው ነው፤ ይህኛው የ10ኛ ክፍል ልማድ ይመስለኛል። ተማሪዎቼ አንድን ጥያቄ ሠርተው ሲጨርሱ እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ከየት እንደመጣ እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። ከስሌቱ ይልቅ እዚህ ላይ ይከብዳቸዋል፤ ግን ፈተና የሚያልፉት በዚህ ነው።

ስሌቱ ራሱ አጭር ነው። ሦስት መስመር ይሰመራል፦ መጀመሪያ፣ ለውጥ፣ መጨረሻ። መጀመሪያ ላይ 1፣ 1 እና 0። ለውጡ ሃይድሮጅንና አዮዲን በኤክስ ሲቀንሱ ሃይድሮጅን አዮዳይድ በ2ኤክስ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ 1 − ኤክስ፣ 1 − ኤክስ እና 2ኤክስ። ኬ የሚገኘው 2ኤክስን ለ1 − ኤክስ አካፍለን ስኩዌር ስናደርገው ነው። ሁለቱንም ወገን ስኩዌር ሩት ስናወጣ የክፍፍሉ ውጤት 8 ይሆናል። 2ኤክስ = 8 − 8ኤክስ፤ ኤክስ = 0.8፤ ምርቱ 1.6። 1.6 ሲካፈል ለ0.2፣ 8 ነው፤ ልክ ነው።

64ን የመረጥኩት ስኩዌር ሩቱ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ነው። ጀርመናዊው ማክስ ቦደንስታይን ይህንኑ ሪአክሽን በ1890ዎቹ በትጋት ሲለካ ቆይቷል፤ በ448 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የታወቀው የኬ ዋጋ ግን 50 ገደማ ነው፣ ለእጅ ስሌት የማይመች። እኔ የማስጠናው ያለ ካልኩሌተር ነው። ስለዚህ ተማሪ 49፣ 64 ወይም 0.25 ሲያይ ቁጥሩን ያወጣው ሰው «ስኩዌር ሩት አውጣ» እያለው መሆኑን ማወቅ አለበት። ኳድራቲክ ፎርሙላ ውስጥ ገብቶ አምስት ደቂቃ የሚዋኝ ልጅ ሳይ አዝናለሁ።

ኢኩሊብሪየም ላይ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይሆናሉ፣ ወይም ሪአክሽኑ ይቆማል የሚል እምነት ሥር ሰዷል። ሁለቱም ስህተት ነው። እኔ የምጠቅሰው የሰርግ ድንኳን ነው። በየደቂቃው አሥር ሰው ሲገባ አሥር ሰው ይወጣል እንበል፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ቁጥር አይለወጥም፣ ግን መግባትና መውጣቱ አልቆመም። ውስጥ 300 ሰው፣ ደጅ 20 ሰው ሊኖር ይችላል። እኩል የሆነው የመግባቱና የመውጣቱ ፍጥነት እንጂ የሰዉ ብዛት አይደለም። ይህን በሒሳብ ለማሰር መሠረቱን የጣሉት ሁለት ኖርዌያውያን ናቸው፦ ካቶ ጉልድበርግና ፒተር ቮገ፣ በ1864። በጋብቻ የተዛመዱ ነበሩ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ብዙ ሰው ይጥላል። ያው አንድ ሊትር ዕቃ፣ ያው 64። አሁን ግን ከመጀመሪያው 0.1 ሞል ሃይድሮጅን፣ 0.1 ሞል አዮዲንና 1 ሞል ሃይድሮጅን አዮዳይድ አብረው አሉ። ኢኩሊብሪየም ላይ ሃይድሮጅን አዮዳይዱ ስንት ይሆናል? ተማሪው በለመደው መንገድ ሄዶ ምርቱን 1 + 2ኤክስ፣ ሃይድሮጅኑን 0.1 − ኤክስ ብሎ ይጽፋል። ስሌቱን በትክክል ይሠራና ኤክስ −0.02 ይወጣለታል። እዚህ ላይ ይደነግጣል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ያው −0.02 ይመጣል። ከዚያ በጭፍን አንዱን ያከብና ያልፋል።

የኔጌቲቭ ምልክቱ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ ሪአክሽኑ የሄደው ተማሪው ባሰበው ተቃራኒ ነው። ቁጥሩ ራሱ ትክክል ነው፤ 1 ላይ 2 ጊዜ −0.02 ቢደመር 0.96 ይሰጣል፣ መልሱም 0.96 ነው። ለዚህ ሁሉ ድንጋጤ መድኃኒቱ ከመነሻው ኪውን ማስላት ነው። ኪው ማለት ልክ እንደ ኬ የሚሰላ፣ ነገር ግን አሁን ዕቃው ውስጥ ባለው መጠን የሚሠራ ቁጥር ነው። 1 ለ0.1 ተካፍሎ 10፣ ስኩዌሩ 100። 100 ከ64 ይበልጣል፤ ምርቱ ከሚገባው በላይ በዝቷል፣ ስለዚህ ሪአክሽኑ ወደ ግራ ይመለሳል። ይህ በአሥር ሴኮንድ የሚያልቅ ሥራ ከ1 የሚበልጡ ምርጫዎችን ሁሉ ገና ከመነሻው ያጠፋል። የሚሸጡት ሾርት ኖቶች ግን ኪውን ከምዕራፉ መጨረሻ ላይ እንደ ትርፍ ነገር ይለጥፉታል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ መጀመሪያ መምጣት ያለበት እሱ ነው።

ዕቃው ሁለት ሊትር ከሆነ ሞሉን ለሁለት ማካፈል እንዳይረሳ። በሃይድሮጅን አዮዳይድ ጥያቄ ግራና ቀኙ እኩል የጋዝ ሞል ስላላቸው ቮልዩሙ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ያልተካፈለው ሰው በዕድል ይተርፋል። በፎስፈረስ ፔንታክሎራይድ ጥያቄ ግን፣ አንዱ ጋዝ ወደ ሁለት ጋዝ ስለሚከፈል፣ አይተርፍም።

የአሲድ ጥያቄ ሌላ ጠባይ አለው። የኮምጣጤው አሴቲክ አሲድ በ25 ዲግሪ 1.8 × 10⁻⁵ የሚሆን ኮንስታንት አለው። 0.1 ሞላር ከሆነ፣ የተከፈለው ክፍል በጣም ጥቂት ነው ብለን 0.1 − ኤክስን እንዲሁ 0.1 እንለዋለን። የኤክስ ስኩዌር 1.8 × 10⁻⁶ ይሆናል። የ1.8ን ስኩዌር ሩት በቃል የሚያውቅ የለም፤ ግን 1.3 በ1.3 ሲባዛ 1.69፣ 1.4 በ1.4 ደግሞ 1.96 ነው። ስለዚህ ኤክስ ከ1.3 × 10⁻³ ትንሽ ያልፋል፣ ፒኤቹም ከ3 በጥቂቱ ያንሳል፣ 2.9 ገደማ። ከአሲዱ የተከፈለው 1.3 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ቸል ማለታችን ያስኬዳል። አሲዱ እጅግ ቀጥኖ 0.0001 ሞላር ቢሆንስ? በዚያው መንገድ ኤክስ 4.2 × 10⁻⁵ ይወጣል፤ ይህ ከአሲዱ 42 በመቶ ነው። 42 በመቶ የሆነን ነገር ኢምንት ብሎ መጣል አይቻልም። የተለመደው ድንበር 5 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ኳድራቲኩ ውስጥ እውነትም መግባት ግድ ነው።

ወደ ለሻትልዬ መርህ ስንመጣ ስሌት የለም፤ ማሰብ ብቻ ነው። ኢኩሊብሪየም ላይ ያለን ነገር ብንነካው የነካነውን በከፊል ወደሚያለዝብበት ወገን ይንቀሳቀሳል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ለሻትልዬ ይህን ያወጣው በ1884 ነው። ኖራ ለማግኘት በሃ ድንጋይ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ጋዙ እየሸሸ ስለሚሄድ ሪአክሽኑ ወደ ቀኝ ብቻ ይገፋል፣ ኢኩሊብሪየም ላይ አይደርስም። ዝግ ዕቃ ውስጥ ቢሆን ግን ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ድንጋዩን በእጥፍ ብንጨምር የጋዙ ግፊት አይለወጥም፣ ጠጣር ነገር ኬ ውስጥ አይገባምና። ይህን ጥያቄ ሳቀርብ ግማሹ ክፍል «ወደ ቀኝ ይሄዳል» ይላል።

ከገጠር የመጡት ልጆች የሚነቁት አሞኒያ ላይ ነው። ዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ስነግራቸው፣ ከረጢቱን ተሸክመው የሚያውቁት ቀና ይላሉ። አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን ሁለት አሞኒያ ይሰጣሉ፤ አራት ሞል ጋዝ ወደ ሁለት ይወርዳል፣ ሙቀትም ይወጣል። መርሁ የሚለው ግልጽ ነው፦ ግፊት ጨምር፣ ሙቀት ቀንስ። ለሻትልዬ ራሱ በ1901 ሞክሮት ነበር፤ መሣሪያው ውስጥ አየር ገብቶ ፈነዳ፣ ረዳቱን ለጥቂት ሳይገድለው ቀረ፣ እሱም ሥራውን ተወው። በ1909 ያሳካው ፍሪትዝ ሃበር ነው፤ ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አሳደገው፣ በ1913 ጀርመን ኦፓው ላይ ማምረት ተጀመረ።

«ቲቸር፣ ሙቀት መቀነስ ካለበት ለምን 450 ዲግሪ ያደርጉታል?» ብላ የጠየቀችኝ ተማሪ ምዕራፉን ገብታበታለች። በቀዝቃዛ ብዙ አሞኒያ ይገኛል፣ ግን ሪአክሽኑ ከመዝገሙ የተነሳ ፋብሪካው ይከስራል። ስለዚህ 200 አትሞስፌር ገደማ ግፊት፣ 450 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና የብረት ካታሊስት ይዘው በመካከለኛው ይሠራሉ። ካታሊስቱ ፍጥነቱን በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ስለሚያሳድግ ኢኩሊብሪየሙ ላይ ቶሎ ይደረሳል እንጂ አሞኒያው አይበዛም። ጋዙ ካታሊስቱን አንድ ጊዜ ሲያልፍ አሞኒያ የሚሆነው ጥቂቱ ነው፤ እሱን አቀዝቅዘው ፈሳሽ አድርገው ያወጡታል፣ የተረፈውን መልሰው ያስገቡታል። አሞኒያው በወጣ ቁጥር ኪው ከኬ ያንሳል፣ ሪአክሽኑም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ኬ ራሱስ? ሙቀቱ እስካልተነካ ድረስ ንቅንቅ አይልም።