ከቁርጥራጭ ጨርቅ የጋራ ጥበብ፤ የጂስ ቤንድ ሴቶች ተሞክሮ

ከልብስ ስፌት የሚተርፉ ቁርጥራጭ ጨርቆች በአብዛኛው የሚጣሉ ቢሆንም፣ በአሜሪካ አላባማ ግዛት የምትገኘው የጂስ ቤንድ መንደር ሴቶች ግን ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ በቆየ ሙያ ለጥበብ ሥራና ለገቢ ምንጭነት አውለዋቸዋል።

በይፋ ቦይኪን የምትባለው ይህች መንደር በአላባማ ወንዝ ጥምዝ ውስጥ የምትገኝ ስትሆን፣ ነዋሪዎቿ በአብዛኛው በአካባቢው የጥጥ እርሻ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተወላጆች ናቸው። ሴቶቹ ካረጁ የሥራ ልብሶችና ከጆንያ የሚሰፉት ድርብ ብርድ ልብስ የመጀመሪያ ዓላማው ቤተሰብን ከብርድ መከላከል ነበር።

ሥራው ሁለት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው እያንዳንዷ ሴት ቁርጥራጮቹን በራሷ ምርጫ እያገጣጠመች የላይኛውን ገጽ ታዘጋጃለች። አንዳንዶቹ ከመሐል አራት ማዕዘን ተነሥተው ዙሪያውን የሚያሰፉበትን “የቤት ጣሪያ” የተሰኘ ንድፍ ሲከተሉ፣ ሌሎቹ “በራሴ መንገድ” በሚሉት ስልት ንድፍ ሳያስቀድሙ በቀለምና በቅርጽ ይጫወታሉ። በሁለተኛው ደረጃ ጎረቤታሞች ተሰባስበው እያወጉና እየዘመሩ የላይኛውን ገጽ፣ የመሐሉን ጥጥና ገበሩን በጋራ ይሰፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጥቁር ነዋሪዎች ለመምረጥ መመዝገብ ሲጀምሩ ከፍተኛ ጫና ደርሶባቸዋል። መንደሯን ከካምደን ከተማ ጋር ያገናኝ የነበረው ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋረጠ ሲሆን፣ አገልግሎቱ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በዚህ ሁኔታ የአካባቢው ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1966 “ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ” የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር በማቋቋም ምርታቸውን በኒውዮርክ ለገበያ አቅርበዋል።

ይሁን እንጂ የገበያው ፍላጎት ወጥ መጠንና ተመሳሳይ ንድፍ በመሆኑ፣ በማኅበሩ ምርት ላይ የየግል ፈጠራ ቦታው ጠባብ ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሲርስ ኩባንያ የኮርዶሮይ ጨርቅ የትራስ ልብስ ለመስፋት ውል ሲገባ፣ ትርፍራፊው ወደ ሴቶቹ ቤት መግባቱ ለፈጠራቸው አዲስ ዕድል ከፍቷል። ጨርቁ ወፍራምና ለጥቃቅን ቅርጾች የማይመች በመሆኑ፣ በትልልቅና በደማቅ ቁርጥራጮች የተገጣጠሙ ሥራዎች ተበራክተዋል።

የመንደሯ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በመቀጠልም በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለዕይታ ቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት 10 ሥራዎችን በቴምብር አውጥቷል። ዝናው ግን ጥያቄም አስከትሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሦስት የመንደሯ ሴቶች ከሥራዎቻቸው ስለሚገኘው ጥቅምና ስለ መብታቸው ክስ መሥርተው፣ ጉዳዩ በቀጣዩ ዓመት በስምምነት ተቋጭቷል። ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራውን አቁሟል፤ ሙያው ግን እስካሁን ቀጥሏል።

ተሞክሮው እንደሚያሳየው በሙዚየም ክብር ያገኘው በትዕዛዝ የተመረተው ወጥ ዕቃ ሳይሆን፣ ሴቶቹ በነፃነት ከትርፍራፊ የሠሩት ነው። በመሆኑም የእደ ጥበብ ማኅበራትን የሚደግፉ አካላት ከገበያ ትስስሩ ጎን ለጎን ለአባላቱ የፈጠራ ነፃነት ቦታ መስጠት፣ የባለቤትነት መብትና የክፍያ ድርሻንም ሥራው ከመታወቁ በፊት በጽሑፍ መወሰን ይጠበቅባቸዋል።