የብር መስቀል፣ የብራና ዳዊትና የአባት ሜዳሊያ፡ የቤት መድን ምን ያህሉን ይሸፍናል?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ በበርካታ የኢትዮጵያውያን ቤቶች ውስጥ ከገበያ ገዝቶ መተካት የማይቻል ዕቃ አለ። ከአያት የተወረሰ የብር መስቀል፣ በብራና የተጻፈ ዳዊት፣ የማርትሬዛ ብር ወይም ኮሪያ የዘመተ አባት ሜዳሊያ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ የድሮ ሸክላዎችን፣ ሌላው ደግሞ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያስተማረውን የእስክንድር ቦጎሲያንን ሥራ የመሰለ ሥዕል ያኖራል።

የቤት ወይም የተከራይ መድን ያለው ሰው እነዚህ ዕቃዎች ቢሰረቁ ወይም ቢቃጠሉ ሙሉ ካሳ የሚያገኝ ሊመስለው ይችላል። የውሉ ዝርዝር ግን ከዚህ የተለየ ነው።

በውሉ ውስጥ ያለው ጣሪያ

በአሜሪካ የሚገኙ በርካታ የመድን ኩባንያዎች ‘ኢንሹራንስ ሰርቪስስ ኦፊስ’ የተባለው ተቋም ያዘጋጀውን የውል ቅጽ መነሻ ያደርጋሉ። ቅጹ ለቤት ዕቃ በጠቅላላው ከፍ ያለ ሽፋን ቢሰጥም፣ ለአንዳንድ ንብረቶች ግን ዝቅተኛ ጣሪያ አስቀምጧል።

ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ቅጽ መሠረት ለሳንቲምና ለሜዳሊያ የሚከፈለው ካሳ ከ200 ዶላር አይበልጥም። የእጅ ጽሑፎችና ቴምብሮች በ1,500 ዶላር ጣሪያ ሥር ይወድቃሉ። ለተሰረቀ ጌጣጌጥ 1,500 ዶላር፣ ለተሰረቀ የብር ዕቃ ደግሞ 2,500 ዶላር ተቀምጧል። መጠኑ ከኩባንያ ኩባንያ ቢለያይም ጣሪያው የሚሠራው ለእያንዳንዱ ዕቃ ሳይሆን ለመደቡ በሙሉ ነው። አሥር ሜዳሊያዎች በአንድ ሌሊት ቢሰረቁ በዚህ ቅጽ የሚገኘው ካሳ ያው 200 ዶላር ነው።

የመደቡ ስያሜ ራሱ ሊያከራክር ይችላል። አንድ የብር መስቀል ጌጣጌጥ ነው፣ የብር ዕቃ ነው ወይስ የጥበብ ሥራ? ጥያቄው አስቀድሞ ካልተመለሰ መልሱ የሚፈለገው ዕቃው ከጠፋ በኋላ ይሆናል።

ሌላው ብዙዎች የማያስተውሉት ነጥብ የካሳው ስሌት ነው። የጠፋውን ዕቃ በአዲስ መግዣ ዋጋ የሚተካ ተጨማሪ ሽፋን የገዛ ሰው እንኳ፣ ጥንታዊ ዕቃዎችና የጥበብ ሥራዎች በአብዛኛው ከዚህ ጥቅም ውጭ ናቸው። በአዲስ ዕቃ መተካት ስለማይችሉ የሚሰሉት በወቅቱ በነበራቸው ዋጋ ነው። በተጨማሪም መደበኛው ውል የቤት ውስጥ ዕቃን የሚሸፍነው እንደ እሳትና ስርቆት ካሉ በስም ከተዘረዘሩ አደጋዎች ነው። ሥዕል ከግድግዳ ወድቆ ቢቀደድ ካሳ ላይኖር ይችላል።

እሳትና ጎርፍ

በኪራይ አፓርትመንት የሚኖር ሰው ደግሞ የራሱ የተከራይ መድን ያስፈልገዋል። የአከራዩ መድን የሚሸፍነው ሕንፃውን እንጂ የተከራዩን ንብረት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 2016 በሲልቨር ስፕሪንግ ፍላወር ብራንች አፓርትመንቶች የደረሰው ፍንዳታ 7 ሰዎችን ገድሏል፤ ከአደጋው የተረፉ ቤተሰቦችም ቤት ንብረታቸውን በአንድ ሌሊት አጥተዋል።

በአሌክሳንድሪያ ስጋቱ ውሃም ጭምር ነው። በፖቶማክ ወንዝ ዳርቻ ያለው ‘ኦልድ ታውን’ በ2003 በኢዛቤል አውሎ ነፋስ ሳቢያ ተጥለቅልቆ ነበር። መደበኛ የቤት መድን ጎርፍን አይሸፍንም። የፌዴራሉ መንግሥት የጎርፍ መድን ለመኖሪያ ቤት ዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ቢሰጥም ለጥበብ ሥራ፣ ለስብስቦችና ለጌጣጌጥ በአንድነት የሚከፍለው 2,500 ዶላር ብቻ ነው። ምድር ቤት ውስጥ የተቀመጠ የግል ዕቃም ከጥቂቶች በስተቀር ሽፋን የለውም። ውሉ በአብዛኛው ሥራ ላይ የሚውለው ከተገዛ ከ30 ቀናት በኋላ በመሆኑ፣ የዝናብ ትንበያ ሰምቶ መግዛት አያዋጣም።

ዕቃን በስም ማስመዝገብ

ለዚህ ሁሉ የተለመደው መፍትሔ ውድ ዕቃዎችን አንድ በአንድ በስምና በዋጋ ዘርዝሮ በውሉ ላይ ማስመዝገብ ነው። ባለቤቱ ተጨማሪ አረቦን ይከፍላል፤ በምላሹም ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ በድንገት መሰበርንና መጥፋትን ይጨምራል። ዋጋው ከኩባንያው ጋር አስቀድሞ ስምምነት የተደረሰበት ከሆነ፣ ከጉዳት በኋላ የሚነሳው ክርክር ይቀንሳል።

ኩባንያዎች ለዚህ ደረሰኝ ወይም የባለሙያ ግመታ ይጠይቃሉ። የአሜሪካ የግመታ ሙያ ደንብ ገማቹ ክፍያውን በዕቃው ዋጋ መቶኛ እንዲያሰላ አይፈቅድም፤ እንዲህ ያለ ክፍያ የሚጠይቅ ገማች ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ይገባል። ግመታው ለመድን መሆኑም ይነገረው፤ ለመተኪያ የሚሰላው ዋጋና ዕቃው ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ የተለያዩ ናቸውና።

ግመታ አንዳንዴ ተስፋን ይቀንሳል። የማርትሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ዓመት ቢነበብም፣ ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት እንደያዘ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ ጽሑፉ ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም።

ምን ይመዝገብ?

በ1997 ይፋ የሆነውና ‘ኦብጀክት አይዲ’ የተሰኘው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለማንኛውም ቤተሰብ ያገለግላል። የዕቃው ፎቶግራፍ፣ ዓይነቱ፣ የተሠራበት ቁስ፣ መጠኑ፣ በላዩ ያለ ጽሑፍ ወይም ምልክት፣ መለያው፣ የተሠራበት ዘመንና የሠሪው ስም እንዲመዘገቡ ይጠይቃል። ስንጥቅ፣ ጥገናና የቀለም መልቀቅ እንደ ጉድለት ከመደበቅ ይልቅ ሊመዘገቡ ይገባል፤ የተሰረቀን መስቀል ከሌላ መስቀል የሚለዩት እነሱ ናቸውና።

ለብራና መጽሐፍ የቅጠሉ ብዛት ይቆጠራል፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጾቹም በጥንቃቄ ፎቶ ይነሳሉ። የጸሐፊው፣ ያስጻፈው ሰው ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ እንዲሁም መጽሐፉን የሰረቀን የሚያወግዘው ግዝት ብዙ ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው። ስሙ ተፍቆ ከሆነም ያ ራሱ መረጃ ነው።

ከየት መጣ?

መዝገቡ ዋጋን ብቻ ሳይሆን ባለቤትነትንም ይጠይቃል። በ1992 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣትን ይከለክላል። ከቅርስ ባለሥልጣን የተሰጠ የመውጫ ፈቃድ ያለው ሰው ወረቀቱን ከዕቃው መዝገብ ጋር ሊያኖረው ይገባል። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ሌባ ለገዥ ሕጋዊ ባለቤትነት ማስተላለፍ አይችልም፤ ገዥው በቅንነት የገዛ ቢሆንም እንኳ።

የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ከአንድ ሰብሳቢ በስጦታ ካገኛቸው የኢትዮጵያ ቅርሶች መካከል አንድ የብራና መጽሐፍ የደብረ ሊባኖስ ገዳም እንደነበር ከታወቀ በኋላ፣ በ2016 ለገዳሙ መልሶታል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው የኔዘርላንድስ ዜጋ ሲራክ አስፋውም በ1998 ሮተርዳም በሚገኘው ቤቱ ያገኘውን የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ከ20 ዓመታት በላይ ጠብቆ፣ በየካቲት 2020 ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ አድርጓል።

ስለ ብራናው ጥርጣሬ ያደረበት ሰው የሚያመሳክርበት ቦታ አለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂዎች በሚኒሶታው የሂል ሙዚየምና የእጅ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ብዙዎቹም በኢንተርኔት ይታያሉ።

መዝገቡ የት ይቀመጥ?

መዝገቡ ከዕቃው ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ከዕቃው ጋር ይቃጠላል። አንድ ቅጂ በኢንተርኔት ማከማቻ፣ ሌላው በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ቢቀመጥ ይመረጣል። ዋጋው በየጥቂት ዓመቱ ይከለስ። በካሳ ጉዳይ ከኩባንያው ጋር አለመግባባት ሲፈጠር የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ለሜሪላንድ የኢንሹራንስ አስተዳደር፣ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ደግሞ ለቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቢሮ ያለ ክፍያ አቤት ማለት ይችላል።

በመዝገቡ ሊሞላ የሚገባው የመጨረሻው ክፍል የዕቃው ታሪክ ነው። መስቀሉን ማን አሠራው? ሜዳሊያው በየትኛው ዘመቻ ተገኘ? ዳዊቱን ያነብ የነበረው ማን ነው? ይህን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ የቤተሰብ አባላት ብቻ ናቸው። እነሱ ሳሉ በስልክም ቢሆን ድምፃቸውን ቀድቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የትኛውም የመድን ውል ለዚህ ክፍል ካሳ አይከፍልም።