ስለ ውሻ ምግብ፤ በተለይም ስለ ጥሬ ሳንባና ጉበት

በአገራችን ውሻ ግቢ ጠባቂና የእረኛ ረዳት ነው። ምግቡ ግን ብዙውን ጊዜ ታስቦበት የሚሰጥ ሳይሆን ከገበታ የተረፈ ወይም ከእርድ የተጣለ ነው። በዚህ ጽሑፋችን ለጤናማ ውሻ ምን ዐይነት ምግብ እንደሚስማማው ባጭሩ ካመለከትን በኋላ፣ ከልማዶቻችን አንዱ ውሻውን በሚያሳድረው ቤተ ሰብ ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ለማስረዳት እንሞክራለን።

ብዙ ሰው ውሻ ሥጋ ብቻ የሚበላ እንስሳ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ግን ስታርች ለመፍጨት የሚያገለግለው ጂን ከተኩላ ይልቅ በውሻ ዘንድ እጅግ በዝቶ ይገኛል። ስለዚህ እንጀራም ሆነ የተቀቀለ ድንች ለውሻ ይስማማዋል። ይሁን እንጂ እንጀራ ብቻውን በቂ ፕሮቲን አይሰጠውም። ሥጋ ብቻውንም ቢሆን ፎስፎር በዝቶበት ካልሲየም ያንሰዋልና፣ በዚህ ብቻ የሚያድግ ቡችላ አጥንቱ ይደክማል።

ወጥ የነካው ፍርፋሪ ሌላ ችግር አለበት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም እንኳ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ዘቢብና ቸኮላታም ይመርዙታል። የበሰለ አጥንት ደግሞ ሲሰበር ስለታም ስንጥር እየሆነ ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል።

ለማባበያ የሚሰጥ ነገር ከቀኑ ምግብ ካንድ አሥረኛው መብለጥ የለበትም። ክብደቱ 15 ኪሎ የሆነ ዐዋቂ ውሻ በቀን ወደ 900 ካሎሪ ይበቃዋል፤ ማባበያው እንግዲህ ከ90 ካሎሪ አይለፍ። ተመጣጥኖ የተሠራ የፋብሪካ ምግብ የሚበላ ውሻ ቪታሚንም ሆነ ካልሲየም አያስፈልገውም፤ በተለይም ትልልቅ ዘር ለሆኑ ቡችላዎች ትርፍ ካልሲየም አጥንታቸውን ያበላሻል። የቤት ምግብ ለሚበላ ውሻ ግን የጎደለውን ለማወቅ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይበጃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ። በበዓል ቀን በየግቢው በግ ይታረዳል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ለቅርጫ በሬ ይጥላል። በዚህ ጊዜ ሳንባው፣ እንዲሁም ውሃ የቋጠረ ከረጢት የተገኘበት ጉበት፣ «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። አደጋው የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው። ከረጢቱ ኤኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ የተባለው ትል እጭ ሊሆን ይችላልና። ትሉ ከኮሶ ትል ወገን ነው፤ ቁመቱ ግን ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ውሻው ከረጢቱን በጥሬው ሲበላ በውስጡ ያሉት እጮች በአንጀቱ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላም እንቁላላቸው ከዐይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። በግና ከብት ከሣር ጋር ሲውጡት በሳንባቸውና በጉበታቸው እንደገና ከረጢት ይሆናል።

ሰው የሚያዘው ከረጢት ያለበትን ጉበት በመብላት ሳይሆን ከውሻ የወጣውን እንቁላል በመዋጥ ነው። እንቁላሉ በውሻው ጠጉር፣ በአፈር፣ ባልታጠበ አትክልት ላይ ይገኛል። ውሻ አቅፎ የሚጫወት ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ቢበላ ይይዘዋል። ከረጢቱ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሕመሙ ሲታወቅም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ውሻው ግን ትሎች በሺሕ ቢሞሉበትም አብዛኛውን ጊዜ አንዳች ሕመም አያሳይም። ስለዚህ ወፍሮና ጠጉሩ አብረቅርቆ ስናየው ጤነኛ ነው ማለት አንችልም።

ይህን ክፉ ልማድ ማስቀረት እንደሚቻል የአይስላንድ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1863 ዴንማርካዊው ሐራልድ ክራበ በዚያች ደሴት መቶ ውሾች መርምረው በ28ቱ ትሉን አገኙ። ከዚያ በኋላ የበሽታውን መንገድ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ለየቤቱ ታደለ፤ ቆይቶም ሕግ ተጨመረበት። በሽታው በሃያኛው ምዕት ዓመት ከአገሪቱ ጠፋ፤ ታሪኩን ያጠኑ ሰዎችም ለዚህ ትልቁን ድርሻ ለትምህርቱ ይሰጣሉ።

እንግዲህ በየቤታችን የሚደረገው ከባድ አይደለም። ሳንባና ጉበት ለውሻ የሚሰጥ ከሆነ ተቈራርጦ ቢያንስ 30 ደቂቃ በፈላ ውሃ ይቀቀል። ከረጢት የታየበት ግን ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ ሊያወጣው በማይችልበት ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። በእርድ ሰዓት ውሻው ይታሰር። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ትሉን ይገድላል፤ ነገር ግን ውሻው በማግስቱ ጥሬ ሳንባ ቢበላ እንደገና ከመያዝ አያድነውም። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ምግቡ ሲታረም ብቻ ነው።

ለውሻ ምግብ መምረጥ የቅንጦት ነገር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ከላይ ከተገለጸው የተነሣ ከቤተ ሰብ ጤና ጥበቃ የማይለይ ሥራ ነው እንላለን። በመጪው በዓል ቢላዋው ሲሳል፣ ለሳንባውና ለጉበቱ የሚሆነው ድስት ወይም ጉድጓድ አስቀድሞ ይዘጋጅ።