ስለ ስኳር ድንች፤ በደቻቱ በአንድ ትሪ ላይ ስለሚቀርበው የጾም ምግብ

የቤት ስፋት፥ የምንጣፍ ውበትና የዕቃ ብዛት እንግዳን ለጊዜው ያስደንቅ ይሆናል፤ እንግዳው ወደ ቤቱ ሲመለስ ይዞት የሚሄደው ግን ከማዕዱ የቀመሰውንና ከባለቤቶቹ ፊት ያነበበውን ፍቅር ነው። ስለዚህ ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ አንድ ርካሽና የተናቀ ሥር ልንጽፍ ወደድን፤ ይኸውም ስኳር ድንች ነው። ብዙ ሰዎች ስኳር ድንችን የገበሬ ልጅ በመንገድ እየላጠ የሚበላው፥ ከክቡር ማዕድ የማይቀርብ ነገር አድርገው ይቈጥሩታል። እኛም እንደዚሁ እናስብ ነበር፤ ከዚህ አሳብ ያወጣንን ነገር ከዚህ በታች እንተርካለን።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ ለመውጣት ስላልተመቸው በቆላው ቀረ፤ ከተማዪቱም በዚያ በቀለች። ደቻቱ የተባለው ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንዱ ወገን ከዚራ፥ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛሉ። ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው፤ በላይ በደጋው ዝናብ ሲበረታ ግን በድንገት ይሞላል። ሐምሌ 29 ቀን ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የወረደው ጐርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ይዞ እንደ ሄደ የከተማው ሕዝብ አይረሳውም። ጐርፉ የማንንም ሃይማኖት አልጠየቀም፤ ልቅሶውም የሁሉ ነበረ።

በዚህ ሠፈር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግድግዳ ተዋስነው ይኖራሉ። በሠርግ ይጠራራሉ፤ በኀዘን አብረው ይቀመጣሉ። በማዕድ ጊዜ ግን ሥጋው ይለያያቸዋል፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፥ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላምና። ስለዚህ በድግስ ቤት ሁለት ድስት ይጣዳል፥ ሁለት ትሪ ይቀርባል፤ እንግዶችም ተከባብረው፥ ነገር ግን ተለያይተው ይበላሉ። የሁለቱም እጅ በአንድ ትሪ ላይ የሚገናኝበትን ምግብ ማሰብ የብልኅ እመቤት ፈንታ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። በዚያ ሰሞን በእኛ ቤትና በጐረቤታችን በሐጂ ቤት መካከል ቅያሜ ነበረ። ምክንያቱም ከጣራችን የሚወርደው ውሃ በእርሳቸው ግድግዳ ሥር ማለፉ ነው። ነገሩ ትንሽ ነበረ፤ ዳሩ ግን ከስምንት ወር በላይ ከሰላምታ በቀር ቃል ሳንለዋወጥ ቈየን። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሥራዬ የጐረቤትን ክርክር ብዙ ጊዜ በብዕሬ ጽፌአለሁ። በቦይ ተጀምሮ በመቃብር ቦታ የሚያልቅ፥ የተረታውም የረታውም የሚከስርበት ነገር እንደ ሆነ አውቃለሁ። ልጆቻችን በአሸዋው ላይ አብረው ሲጫወቱ፥ እኛ ሽማግሌዎች ፊታችንን ስናዞር አፈርሁ፤ ሐጂንና ባለቤታቸውንም ለማፍጠሪያ ጠራኋቸው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ድንች በስሱ ተከትፎ፥ ወተትና አይብ ፈሶበት፥ በፉርኖ ተጋግሮ ሲቀርብ ቀምሼ ነበር። ያንን ምግብ ወተቱን በኦቾሎኒ፥ ድንቹንም በስኳር ድንች ለውጣ እንድትሠራው ባለቤቴን ለመንኋት። እንግዲህ ትእዛዙ ከእኔ፥ ድካሙ ከእርሷ ነበረ። ጥሬውን ስኳር ድንች በወፍራሙ ከትፈን በትሪ ደረደርንና በኀይለኛ እሳት ላይ ጣድነው። ፀሓይ ጠልቃ እንግዶቻችን በቴምር ከአፈጠሩ በኋላ ትሪው በክብር ቀረበ። ላዩ ከስሏል፤ ውስጡ ጥሬ ነው፤ የበሰለውም ጠርዝ እንደ ማር ጣፍጦ ከምስሩ ጋራ አልስማማ አለ። ባለቤቴ አንገቷን ደፋች፤ እኔም ቅያሜውን በማዕድ ላጠፋ ብዬ በላዩ ኀፍረት የጨመርሁበት መሰለኝ።

በዚህ ጊዜ የሐጂ ባለቤት ከመቀመጫቸው ተነሡና፥ «ልጄ፥ ስኳር ድንቹ ምን አደረገህ? ያጣደፍከው አንተ ነህ፤ ይልቅስ ውሃ አፍሉልኝ» አሉኝ። ትሪውን አንሥተው ከባለቤቴ ጋራ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ሥሩን አንሥተው በስሱ እንደ ገና ከተፉት፤ በሚፈላ ውሃ አገላበጡት፤ ኦቾሎኒውንም ዳግመኛ ወቀጡት። እኛ ወንዶቹ እርሳቸው ይዘውት የመጡትን የምስር ሳምቡሳ እየበላን ጠበቅን። ባዶ አፍ ዝም ለማለት ይችላል፤ ሳምቡሳ የያዘ አፍ ግን ዝም ሊል አይችልምና፥ ሐጂ ስለ ቦዩ ነገሩን ራሳቸው አነሡት። ትሪው ዳግመኛ እስኪቀርብ ድረስ ከስምንት ወር የቈየው ነገር አለቀ፤ በማግስቱም ቦዩን በጋራ አስቈፈርነው። ባለሙያዪቱ እናታችን ያስተማሩን አሠራር የሚከተለው ነው።

ስለ መምረጥ

ስኳር ድንች በሐረርጌ ገበሬ ዘንድ ሚጣጢስ ይባላል፤ በደንገጎ በኩል ከደጋው እየወረደ በቀፊራ ገበያ ይሸጣል። ስሙ ድንች ይባል እንጂ ከድንች ጋራ የቅርብ ዝምድና የለውም፤ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲሆን፥ ከሐረጉ ቍራጭ ተተክሎ በጥቂት ወራት ይደርሳል። ድርቅንም ከብዙ እህል ይልቅ ይችላል። ሲገዛ ጠንካራውን፥ ቈዳው ያልተላጠውንና መካከለኛ መጠን ያለውን መምረጥ ይገባል። ትል የበሳው መራራና ለጤና የማይስማማ ስለሆነ፥ የተበላሸውን ቈርጦ ሌላውን ከማትረፍ ሁሉንም መጣል ይሻላል። ጥሬውን በማቀዝቀዣ ማኖር ልቡን ያደርቀዋል፤ ነፋስ በሚያገኘውና ፀሓይ በማይመታው ስፍራ ይቀመጥ።

ኦቾሎኒው የባቢሌ ቢሆን የተመሰገነ ነው። ሻጋታ የነካውን፥ የጨማደደውንና የመረረውን ፍሬ ግን አንድ በአንድ ለቅሞ መጣል ያስፈልጋል፤ በሻጋታው ውስጥ ያለውን መርዝ መቍላት ጨርሶ አያጠፋውምና። ደግሞም ኦቾሎኒ ሰውነታቸውን የሚያስቈጣባቸው ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ እንግዳን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለስምንት ሰው የሚበቃ መጠን

ስኳር ድንች 1 ኪሎ ተኩል፤ ድፍን ምስር 2 ብርጭቆ፤ የተቈላና የተፈተገ ኦቾሎኒ 300 ግራም፤ ቀይ ሽንኩርት 4 ራስ፤ ነጭ ሽንኩርት 6 ፍንካች፤ ዝንጅብል የአውራ ጣት ያህል፤ ቲማቲም 3፤ ቃሪያ 3፤ ዘይት ግማሽ ብርጭቆ፤ በርበሬ 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ኰረሪማና ጥቍር አዝሙድ በትንሹ፤ ሎሚ 1፤ ጨው እንደ ፍላጎት።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ስኳር ድንቹን አጥቦና ልጦ የግማሽ ጣት ውፍረት ባለው ክብ መክተፍ። ጨው የተጨመረበት ብዙ ውሃ እስኪንተከተክ ካፈሉ በኋላ፥ የተከተፈውን ጨምሮ 5 ደቂቃ ያህል አቆይቶ ማውጣትና ማጠንፈፍ ነው። የሥራው ምሥጢር በዚህ ነው። ስኳር ድንች ቀስ በቀስ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ በድንገት በሚፈላ ውሃ ሲገባ ግን ለዚህ ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፥ ከጨውና ከበርበሬም ጋራ ይስማማል። እኛ የተሳሳትነውም በዚህ ነበር።

ሁለተኛ፥ ምስሩን ለብቻው ቀቅሎ ማጠንፈፍ። ከሽንኩርቱ ሦስቱን ራስ በዘይት አቁላልቶ በርበሬ፥ ግማሹን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ከጨመሩ በኋላ ቲማቲሙን ማብሰል፤ ከዚያም ምስሩን ከዚሁ ጋራ አዋሕዶ ወጡ ሳይቀጥን፥ በማንኪያ ሲያነሡት የሚቆም ሆኖ ማውረድ። ቀጭን ወጥ ትሪውን ውሃ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፥ ኦቾሎኒውን ቅባቱ እስኪወጣ ድረስ መውቀጥ። የቀረውን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት አቁላልቶ፥ ኦቾሎኒውን በ3 ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ጨምሮ፥ በለስላሳ እሳት ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። ካላማሰሉት ከሥሩ ያራል። እንደ ቀጭን ገንፎ ሲሆን ጨው፥ ኰረሪማ፥ የሎሚውንም ጭማቂ ጨምሮ ማውረድ።

አራተኛ፥ ጥልቅ ትሪ ወይም ብረት ድስት ዘይት ቀብቶ አንድ ረድፍ ስኳር ድንች፥ በላዩ ምስር፥ ደግሞ ስኳር ድንች፥ ደግሞ ምስር፥ በመጨረሻም ስኳር ድንች መደርደር። ከዚህ በኋላ የኦቾሎኒውን ስልስ በሁሉ ላይ ማፍሰስ፥ ቃሪያውንም ሰንጥቆ፥ ጥቍር አዝሙዱንም ነስንሶ ማስጌጥ ነው።

አምስተኛው መጋገር ነው። ፉርኖ ያለው ሰው በመካከለኛ ሙቀት 25 ደቂቃ ሸፍኖ፥ 15 ደቂቃ ደግሞ ገልጦ ይጋግረው። ፉርኖ የሌለው እናቶቻችን ድፎ ዳቦ በሚጋግሩበት ጥበብ ይሥራ፤ ይኸውም ድስቱን የሙዝ ቅጠል አልብሶ፥ በምጣድ ላይ አስቀምጦ፥ በብረት ክዳን ከድኖ፥ ከታች ለስላሳ እሳት፥ ከክዳኑ በላይ ደግሞ ፍም ማድረግ ነው። ከወረደ በኋላ 15 ደቂቃ ሳይነካ ይረፍ፤ ያን ጊዜ በቢላዋ ሲቈረጥ ረድፉ ሳይፈርስ ይወጣል።

ጾም በማይሆንበት ቀን በኦቾሎኒው ፈንታ 4 እንቍላል በ2 ብርጭቆ ወተት መትቶ ማፍሰስ፥ በምስሩም ላይ አይብ መጨመርና ትሪውን በንጥር ቅቤ መቀባት ይቻላል። ሥጋ ግን አይግባበት፤ ሥጋ ሲገባ ትሪው ሁለት ይሆናልና።

ስለ ጤና

ልቡ ብርቱካን የመሰለው ስኳር ድንች ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር በብዛት አለበት። ይህ ቫይታሚን ሲጐድል ሕፃናት በምሽት ማየት ይሳናቸዋል፤ ይህንም ሕዝባችን ዳፍንት ይለዋል። ጕድለቱ ሲጸና ዐይንን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ከተሰጣቸው አራት ሊቃውንት መካከል ማሪያ አንድራዴ፥ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎ የተሸለሙት ይህን ዓይነት ስኳር ድንች በአፍሪካ አገሮች በማሻሻልና በማስፋፋት ስለ ደከሙ ነው። በአገራችንም ቱላና ኩልፎ የተባሉት ዝርያዎች ከዚሁ ወገን ናቸው። ነጩ ሆድን ያጠግባል፥ ጕልበትም ይሰጣል፤ ነገር ግን በዚህ በኩል ብርቱካናማውን አይተካከልም። ቫይታሚኑ ከቅባት ጋራ ሲበላ ለሰውነት ይበልጥ ስለሚስማማ፥ በትሪያችን ላይ ያለው ዘይትና ኦቾሎኒ ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም።

እንግዲህ፥ ክቡራን አንባብያን፥ በቤታችሁ የተኰራረፈ ጐረቤት ቢኖር ዳኛ ከመፈለጋችሁ በፊት ትሪ ፈልጉ። ምግቡ ባይሳካ እንኳ አትፈሩ፤ የእኛን ቅያሜ ያጠፋው የተበላሸው ትሪ እንደ ነበረ አይተናልና። ዛሬ ከሐጂ ግድግዳ ሥር ውሃ አያልፍም፤ በቦዩም ዳር ባለቤታቸው የሚጣጢስ ሐረግ ተክለውበታል፤ የደረሰውንም ለሁለት ከፍለው ግማሹን ወደ ቤታችን ይልኩልናል። እግዚአብሔር የሁላችሁን ማዕድ ይባርክ።