ከነቀምቴ እስከ ባኮ የሚዘረጋ ቁጥር

ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሙሉ ቁጥር የሌለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ የአማርኛው ስም ጠባዩን በሚገባ ይገልጸዋል። ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት ያረጋገጠ ቢሆንም፣ ትልልቆቹን ለይቶ ማውጣት ዛሬም እጅግ አድካሚ ሥራ ነው።

አሜሪካዊው ሉክ ዱራንት ያገኘውና ብቸኝነቱ በጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የተረጋገጠው፣ በወቅቱም ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ የበለጠው ቁጥር፣ 136,279,841 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኝ ነው። አሃዞቹ 41,024,320 ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ በ2 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢጻፍ ከነቀምቴ በአዲስ አበባ መንገድ ባኮ አካባቢ የሚያደርስ፣ 82 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መስመር ይወጣዋል። የሁለቶቹ ብዛት፣ ማለትም አርቢው፣ ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱ ብቸኛ ሊሆን አይችልም፤ አርቢው ብቸኛ መሆኑ ግን ብቻውን አይበቃም፤ 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነውና።

የዚህን ግዙፍ ቁጥር ቀሪ ለማወቅ አሃዞቹን መጻፍ አያስፈልግም። ሦስት ሁለቶች ሲባዙ 8 ስለሚሆኑና 8 ለ7 ሲካፈል 1 ስለሚቀር፣ የሁለቶች ብዜቶች ለ7 ሲካፈሉ የሚተዉት ቀሪ በየሦስት እርምጃው ይደገማል፤ አርቢው ለ3 ሲካፈል 2 ስለሚቀረው የብዜቱ ቀሪ 4፣ የቁጥሩም 3 ይሆናል። ስለዚህ ከቅዳሜ ገበያ ማግስት ጀምሮ ይህን ያህል ቀን የሚቆጥር ሰው መጨረሻው ማክሰኞ ላይ ይውላል።

በሜጫ ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ በአምስት ቡድኖች መካከል ስለሚዘዋወር ሙሉ ዙሩ 40 ዓመት ነው። ቁጥሩ በዓመት ቢቆጠር ለ8 ሲካፈል 7 ስለሚቀረው፣ ቆጠራው የሚያበቃው የባሊ (የሥልጣን) ርክክብ ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው፤ ለ40 ሲካፈል ደግሞ 31 ስለሚቀር ዓመቱ የአራተኛው ቡድን ሰባተኛ ዓመት ይሆናል። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለም ነው ቢባል ለ4 ተካፍሎ 3 ስለሚተርፈው ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ለ19 ተካፍሎ ከሚተርፈው 12 ላይ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 11፣ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ከተገኘው 121 ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑም 29 ይወጣል።

ብቸኛ ቁጥሮች በኢንተርኔት የሚተላለፍ ምሥጢር ከሚጠበቅባቸው መንገዶች በአንዱ ያገለግላሉ፤ ለዚያ ግን 300 ያህል አሃዝ ያላቸውና ባለቤታቸው ብቻ የሚያውቃቸው ይበቃሉ፤ ይህ ቁጥር ከልክ በላይ ግዙፍ ከመሆኑም ሌላ ዓለም ሁሉ ያወቀው ነው።