ፕሮቲን የማይሠሩት አርኤንኤዎችና የተጎዳ ህብለ ሰረሰር

ከጣት የማይረዝመው ዜብራፊሽ የተባለ ዓሣ ህብለ ሰረሰሩ ተቆርጦም በስድስት ሳምንት ገደማ ተመልሶ ይዋኛል። ሰው ይህን አልታደለም። በዓለም ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከህብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር ይኖራሉ፤ ብዙዎቹን ለዚህ የዳረጋቸው መውደቅ ወይም የመኪና አደጋ ነው።

የዓሣውን ምስጢር በከፊል የገለጠው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ነው። ህብለ ሰረሰሩ ሲቆረጥ፣ ከአንጎል ግንድ ክራቸውን ወደ ታች በሚልኩት የነርቭ ሴሎች ውስጥ ሚር-133ቢ የሚባል አጭር አርኤንኤ ይበዛል። ተመራማሪዎቹ ይህን ሲያግዱት የነርቭ ክሮቹ እንደሚገባ አላደጉም፤ ዓሣውም እንደ ወትሮው መዋኘት ተሳነው። ሮ-ኤ የሚባል ፕሮቲን የነርቭ ክር እንዳያድግ ያግዳል፤ ሚር-133ቢ ደግሞ ያ ፕሮቲን በብዛት እንዳይሠራ ይገታል።

ዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል፣ አርኤንኤው ተነቦ ፕሮቲን ይሠራል፤ ትምህርት ቤት የተማርነው ይህን ነው። ይሁንና ከሰው ዲኤንኤ የፕሮቲን መመሪያ የያዘው ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ከቀረው ብዙው አርኤንኤ ሆኖ ይገለበጣል እንጂ ፕሮቲን አይወጣውም። ከ200 ፊደል የሚበልጡ ረጃጅሞች አሉ፣ ጫፍና ጫፋቸው ገጥሞ ቀለበት የሆኑም አሉ። ይበልጥ የተጠኑት ግን እንደ ሚር-133ቢ ያሉት፣ 22 ፊደል ገደማ ያላቸው ማይክሮ አርኤንኤዎች ናቸው። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን የመጀመሪያውን በአንዲት ደቃቅ ትል ውስጥ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1993 አሳተሙ፤ በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ማይክሮ አርኤንኤ መመሪያ የያዘውን አርኤንኤ ፈልጎ ይለጠፍበታል፤ መመሪያው ወይ ሳይነበብ ይቀራል፣ ወይ ይበጣጠሳል።

የህብለ ሰረሰር ጉዳት ሁለት ጊዜ ይደርሳል። የመጀመሪያው አጥንት ተሰብሮ ነርቩን የሚጨፈልቅበት ቅጽበት ነው፤ ለዚያ ሐኪም አይደርስለትም። ሁለተኛው ከሰዓታት እስከ ሳምንታት ይዘልቃል፦ የደም ፍሰት ይቀንሳል፣ ብግነት ይነሣል፣ ከአደጋው የተረፉ ሴሎች ይሞታሉ፣ አስትሮሳይት የሚባሉ ደጋፊ ሴሎችም ጠባሳ ያበጃሉ። እኔ ተስፋ የምጥለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ ጊዜ ይሰጣልና። ማይክሮግሊያ የተባሉትን የመከላከያ ሴሎች አደብ የሚያስይዘው ሚር-124 የተባለው ማይክሮ አርኤንኤ በዚህ ወቅት ይቀንሳል፤ ሚር-21 ደግሞ ይጨምራል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ይኸው ሚር-21 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የአይጥ ጥናት፣ በአስትሮሳይቶች ውስጥ ሲበዛ የሴሎቹ መግዘፍ ቀነሰ። ሲታገድ ሴሎቹ ይበልጥ ገዘፉ፤ በቁስሉ ቦታ ያሉት የነርቭ ክሮች ግን በዙ። ጠባሳው ራሱ ሁለት ፊት አለው፦ ብግነቱ ወደ ጤናማው ክፍል እንዳይዛመት ይከልላል፣ የነርቭ ክር እንዳያልፍም ይዘጋል። ስለዚህ አንዱን አርኤንኤ ወዳጅ፣ ሌላውን ጠላት ብሎ መፈረጅ አያዋጣም።

ለህብለ ሰረሰር ጉዳት የጸደቀ የማይክሮ አርኤንኤ መድኃኒት እስካሁን የለም። አንዱ ማይክሮ አርኤንኤ በመቶ የሚቆጠሩ መመሪያዎችን ሊነካ ይችላል፤ ከታለመለት ሴል ማድረስም ከባድ ነው። ሆኖም መንገዱ ዝግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የጸደቀው ኑሲነርሰን በዘር ለሚተላለፍ የጡንቻ መስለል በሽታ የሚሰጥ፣ አርኤንኤ ላይ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አጭር ሰንሰለት ነው፤ በወገብ በኩል በመርፌ ወደ ህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ገብቶ የነርቭ ሴሎች ጋ ይደርሳል። ለአደጋ ተጎጂው የቀረው ጥያቄ የትኛው ሴል፣ ከአደጋው በኋላ በስንተኛው ቀን፣ በምን ያህል መጠን የሚለው ነው።