የካርቶን ኮምፒውተር

አንድ መሣሪያ ወይም ደንብ ሲነደፍ ባለጉዳዮቹን ማማከር እንደሚገባ በአፉ የማይመሰክር አለቃ የለም፤ ነገር ግን ጉባኤው ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ንድፉ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ለተጠሩት ሰዎች የሚቀርላቸው ተግባር ማጨብጨብ ነው።

ከዚህ የተለየውን መንገድ ለማየት የሚሻ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 የስዊድንና የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከኖርዲክ አገሮች የኅትመት ሠራተኞች ማኅበር ጋራ ያካሄዱትን፣ ዩቶፒያ የተባለውን ሥራ ይመልከት። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ወደ ጋዜጣ ማተሚያ ቤቶች በመግባት ላይ ስለ ነበር፣ ፊደል ለቃሚዎችና ገጽ አቀናባሪዎች ጥበባቸው ከእጃቸው እንዳይወሰድ ሠግተው፣ ለሙያቸው የሚስማማውን መሣሪያ ከሊቃውንቱ ጋራ ተቀምጠው ሊነድፉ ቈረጡ። ኖርዌያዊው የኮምፒውተር ሊቅ ክሪስተን ኒጎርድም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአገሩ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋራ በመሥራት መንገዱን ጠርጎላቸው ነበር።

ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ ያቀረቡት የአሠራር ሥዕል፣ ሊቃውንት እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት እንጂ ለማተሚያ ቤት ሰው ምሥጢሩ የሚገለጥ ስላልነበረ፣ ውይይቱ ሊሠምር አልቻለም። በኋላ ግን ከካርቶንና ከሳንቃ የሥራ ጠረጴዛ አበጁ፤ በስክሪኑ ቦታ ወረቀት ለጠፉ፤ ባዶ ሣጥን አኑረው ‹‹ሌዘር ፕሪንተር›› ብለው ጻፉበት። ገጽ አቀናባሪው ከዚያ ፊት ተቀምጦ እንደ ልማዱ ርእሱንና ፎቶግራፉን ሲያደላድል፣ በቃል ሊያስረዳው የማይችለውን የሙያውን ረቂቅ ነገር እጁ ይገልጠው ጀመር። ካርቶን በመቀስ ስለሚቈረጥም፣ ‹‹ይህ አይመችም›› ብሎ ለማረም ምህንድስና መማር አላስፈለገም።

እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ብልኀት፣ መሣሪያው ገና እንዳላለቀ ለሁሉም በግልጽ መታየቱ ነው። የሚያብረቀርቅ ሥዕል ይዞ ለሚመጣ ነዳፊ፣ በተለይ ይሉኝታ በሠለጠነበትና አለቃ በፊት ወንበር በተቀመጠበት አዳራሽ፣ ጉድለቱን ደፍሮ የሚነግረው ሠራተኛ ከወዴት ይገኛል?

ከዚህ ሥራ የተገኘው አሠራር በስቶክሆልም በአፍቶንብላዴት ጋዜጣ ቢሞከርም በገበያ አልሰፋም፤ በካርቶን እየሞከሩ የመንደፍ ልማድ ግን በብዙ አገር ጸንቶ ቀርቷል። እንግዲህ ዐውደ ጥናት ለመጥራት የምታስቡ ወገኖች፣ የጥሪውን ደብዳቤ ከመፈረማችሁ አስቀድሞ መሣሪያውን በእጁ የሚይዘው ሰው ስሙ በዝርዝሩ መኖሩን ተመልከቱ፤ አለቃውንም ከእርሱ በኋላ እንዲናገሩ በትሕትና ለምኑልን።